አንድም ፊለር፣ አንድም ጎርስት

ጎጃም የቅኔ አገር ነው። ዋሸራን የማያውቅ የለም። ተማሪው ለምድ ደርቦ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ የሰፈር ውሻ በዱላ እየመከተ ስንት ዓመት ይማራል። ይህን የማነሳው ለመኩራራት አይደለም። ደብረ ማርቆስ ላይ፣ ከመናኸሪያው ብዙም በማይርቅ አንድ ፑል ቤት፣ አዲስ ጉባኤ መተከሉን ላበስራችሁ ብዬ ነው። ለምድ አያስፈልግም። አኮፋዳም አያስፈልግም። ከጠዋት እስከ ማታ መቀመጥ የሚችል ወገብ ካላችሁ ይበቃል።

የጉባኤው መምህር ጋሽ ደረጃ ይባላሉ። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው። ይሄኛውን ያወጣንላቸው እኛ ነን፤ የዓለምን የፑል ተጫዋቾች ደረጃ ከአናት እስከ ግርጌ ስለሚያውቁ። ዕድሜያቸው ገና 40 አልደፈነም። አንቱ የምንላቸው ለዕውቀታቸው ነው።

ሲጀምሩ ዳዊት የሚደግሙ ይመስላሉ። አልቢን ኡሻን፣ ኦስትሪያዊ፣ የዓለም ሻምፒዮን በ2016 እና በ2021። ጆሹዋ ፊለር፣ ጀርመናዊ፣ 2018። ሼን ቫን ቦኒንግ፣ አሜሪካዊ፣ 2022። ፍራንሲስኮ ሳንቼዝ ሩይዝ፣ ስፔናዊ፣ 2023፣ ፖላንድ ላይ ሶሪያዊውን መሐመድ ሱፊን ረትቶ። ፌዶር ጎርስት፣ ሞስኮ ተወልዶ ዛሬ ለአሜሪካ የሚጫወት፣ 2019 እና 2024። ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው። እሳቸው በእኛ አቆጣጠር መቼ እንደተወለዱ ብትጠይቋቸው ግን "እሱን እንኳ እናቴ ናት የምታውቀው" ይላሉ።

እኔም የዚሁ ጉባኤ ተማሪ ነኝ። ገና ጉባኤ ቃና ላይ ነኝ። የመጀመሪያዎቹን አስር ተጫዋቾች ብቻ ነው ሳልሳሳት የምጠራው። መወድስ የደረሱት ግን የዓለም ሻምፒዮናውን 128 ተጫዋቾች፣ ማን ከማን እንደደረሰው ጭምር፣ እንደ ውሃ ይጠጡታል።

ፑል ቤቱ ጠረጴዛም አለው። ለነገሩ ያህል ነው የምነግራችሁ። አንደኛው እግሩ ሥር የታጠፈ ካርቶን ተወትፏል። ጨርቁ ተቀዶ በፕላስተር ተለጥፏል። በየትም በኩል ብትመታት ኳሷ በር አጠገብ ወዳለው ጉድጓድ ታጋድላለች። ስኮትላንዳዊው ጄሰን ሾው በ2022 ሳይስት 714 ኳስ በተከታታይ አስገብቷል። እኛ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ያስገባ ሰው ለሦስተኛው ይቅርታ ይደረግለታል።

ቁጥር 9 ኳስ ከጠፋች ደግሞ ቆይታለች። ይህ ለሌላ ፑል ቤት ትልቅ ጉዳት ነበር። የምንከታተለው ጨዋታ ናይን ቦል ነዋ! ከ1 እስከ 9 ባሉት ኳሶች ነው የሚጫወቱት። ጠረጴዛው ላይ ካሉት ትንሿን ቁጥር መጀመሪያ መንካት ግዴታ ነው። እንደ ሕጉ መትቶ 9ኟን ያስገባ ጨዋታውን በላ። 9 ከሌለች ጨዋታ የለም። እኛን ግን ምን ሲደረግ ይቸግረናል? የሚቸገር የሚጫወት ሰው ነው።

አለመጫወታችን ከስንፍና እንዳይመስላችሁ። የቤቱ ሕግ ግልጽ ነው። የተሸነፈ ሒሳብ ይከፍላል። ጋሽ ደረጃ ይህን ሕግ አጥንተው፣ አላምጠው፣ አንድ ውሳኔ ላይ ደርሰዋል። እስከ ዛሬ ያሸነፋቸው ሰው የለም። የገጠማቸውም የለም። እንዲህ ያለ ንጹሕ መዝገብ ፊለርም የለውም።

አንድ የሚጫወት ሰው ብቻ አለን። እሱም በር ላይ ጫማ የሚጠርገው ሊስትሮ ነው። ሥራ ሲቀዘቅዝ ገባ ብሎ ብቻውን ይመታል። የጠረጴዛውን መጋደል ለምዶታል፤ ወደ ቀኝ ሊልካት ሲፈልግ ወደ ግራ ያልማል። ልጁ የቫን ቦኒንግን ስም ሰምቶ አያውቅም። እንዲህ ያለ ባዶ ጭንቅላት ይዞ ኳስ ማስገባቱ ጉባኤውን ሁሌ ያሳዝነዋል።

ጋሽ ደረጃ ግን ደግ ሰው ናቸው። እሱንም መዝገብ ውስጥ አስገቡት። ፋርጎ የሚባል የነጥብ አሰጣጥ አለ። አሠራሩ ቀላል ነው። በ100 ነጥብ የሚበልጥህ ሰው አንተ አንድ ጨዋታ ስትበላ እሱ ሁለት ይበላል። በ200 ከበለጠህ አንድ ለአራት ነው። ጋሽ ደረጃ ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዝተው ለከተማው ሰው ነጥብ ሰጡ። ሊስትሮው 310 ደረሰው። "ገና 200 ጨዋታ አልሞላም፤ ነጥቡ አልጸናም" አሉ። እሳቸው 790 ናቸው። በምን ተሰላ ያለ አልነበረም። እኔ 540 አግኝቻለሁ፤ ስለዚህ ስሌቱ ትክክል ነው።

ከዚያ ወዲህ ከተማው በነጥብ ነው የሚተዳደረው። ባልና ሚስት ሲጣሉ "በ150 ትበልጠዋለች፤ አይችላትም" እንላለን። ጤፍ ሲወደድ "ጤፍ ፎርም ላይ ናት" እንላለን። የሚዘገይ አውቶቡስ ፎርሙ የወረደ ነው። ባለፈው አንድ ሙሽራ ሲዳር አይተን "ይሄ ልጅ የመክፈቻ ምቱ ጥሩ ነው፤ ጨዋታ መጨረስ ላይ ነው ጥርጣሬዬ" ያልነው፣ ከእኛ በቀር ማን ሊለው ይችላል?

አሁን ወደ ትርጓሜው ልግባ። የጉባኤው አናት እሱ ነው። ሊቃውንቱ መጽሐፍ ሲተረጉሙ "አንድም" እያሉ ነው። አንድ ንባብ፣ ብዙ ፍቺ። ጋሽ ደረጃ ይህን ጥበብ ወደ ፑል አሻገሩት። ፊለርና ጎርስት ሊገናኙ ነው እንበል። "አንድም ፊለር ያሸንፋል፤ ሲመታ አይዘገይምና። አንድም ጎርስት ያሸንፋል፤ ደንገጥ የማይል ልጅ ነውና። አንድም ፊለር መርቶ ጎርስት ይደርስበታል። አንድም ሁለቱም ቀድመው ተሸንፈው ጭራሽ አይገናኙም።" አራቱንም በጣታቸው ይቆጥራሉ። ከዚያ ሻይ ይጠጣሉ። ውጤቱ ሲመጣ "ብዬ ነበር" ይላሉ። ደግሞም ብለው ነበር! ማን ይክዳቸዋል?

ይህ ጥበብ ክፉ ቀን ላይ ነው ዋጋው የሚታወቀው። በ2024 የዓለም ሻምፒዮና ጅዳ ላይ ሲደረግ እኛ ዘንድ የሞባይል ዳታ የሚባል ነገር አልነበረም። ሌላው ሕዝብ ተስፋ ቆረጠ። ጋሽ ደረጃ አልቆረጡም። አዲስ አበባ ያለ ወዳጃቸው ቀን ቀን በአጭር መልዕክት ያቀብላቸው ነበር። ጎርስትና አልባኒያዊው ኤክለንት ካቺ ለዋንጫ መድረሳቸውን ያወቅነው በዚያ ነው። ለአሸናፊው 250 ሺህ ዶላር ቀርቧል። ገንዘቡ ለእኛ የሚካፈል ይመስል ማታ እራት የበላ ሰው አልነበረም።

ወዳጃቸው በዋንጫው ሰዓት ስልኩን ዘጋ። እንግዲህ ምን ይደረግ? ጋሽ ደረጃ አንድ የአክስት ልጅ አለቻቸው፤ ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች። ስድስት ወር ደውለውላት አያውቁም። ደወሉ። ድምፅ ማጉያውን ከፍተውት ስለነበር ሁላችንም ሰማን።

"ማን ሞተ?" አለች ገና ስታነሳው።

"ኧረ ማንም አልሞተም! ጎርስትና ካቺ ስንት ለስንት ናቸው?"

"እነማን?"

"እዚያው ጅዳ ናቸው እኮ! አንቺ ያለሽበት!"

ዝም አለች። ከዚያ "እማዬ ደህና ናት?" አለች። "ደህና ናት፣ ደህና ናት፤ እስቲ ወጣ ብለሽ ሰው ጠይቂልኝ።" ሳሕን ሲጋጭ ተሰማ። ስልኩ ተዘጋ። ጋሽ ደረጃ አልተናደዱም። "ፎርሟ ወርዷል" አሉ በሐዘኔታ። ከዚያ እስከ እኩለ ሌሊት ያለ አንዳች መረጃ ተረጎሙልን። ንባቡ ገና አልደረሰንም፤ ትርጓሜው ግን ተጠናቆ አደረ። በማግሥቱ መልዕክቱ ገባ። ጎርስት 15፣ ካቺ 14። ጋሽ ደረጃ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሰበሰብ አድርገው "ብዬ ነበር" አሉ።

ይህን ሊቅነት የማትቀበል አንዲት ሰው ብቻ አለች። የቤቱ ባለቤት እትዬ ናት። እኛ አንቱ የምንለውን ሰው አንተ ትላለች። ዱቤውን የምትጽፈውም እሷ ናት፤ ምናልባት ከዚያ ይሆናል። አንድ ቀን ጋሽ ደረጃ የውድድሩን አካሄድ ሊያስረዷት ሞከሩ።

"ይኸውልዎ እትዬ፣ 128 ሰው ይጀምራል። አንዴ የተሸነፈ ወዲያው አይባረርም። በተሸናፊዎች በኩል ዞሮ ሌላ ዕድል ያገኛል። ሁለቴ የተሸነፈ ነው የሚሰናበት። 64 ሲቀሩ ግን ምሕረት የለም፤ አንዴ ከተሸነፉ ወደ ቤት ነው።"

"እንደ ዕድር በለኛ። ለቅሶ ደጋግሞ የቀረ ይሰረዛል።"

"እንደሱ ይያዙት!"

"እና አንተ ባለፈው የጎረቤትህ ለቅሶ ቀርተሃል። ስንተኛህ ነው?"

ጋሽ ደረጃ ያን ቀን የቀሩት በቂ ምክንያት ነበራቸው። የአውሮፓና የአሜሪካ ቡድኖች የሚገጥሙበት የሞስኮኒ ዋንጫ ነበር። አውሮፓ ከ2020 እስከ 2024 አምስት ጊዜ ተከታትሎ በልቶታል። ጋሽ ደረጃ በየዓመቱ የአሜሪካ ደጋፊ ናቸው። ጎረቤታቸው አንድ ሰው ነው የሞተበት። እሳቸው አምስት ዓመት ሙሉ ሐዘን ላይ ናቸው። ማን ማንን ነው ማጽናናት ያለበት?

ይህን ለእትዬ ማስረዳት አይቻልም። ቫን ቦኒንግ መስማት ይቸግረዋል፤ ሲጫወት የጆሮ መስሚያውን ያጠፋዋል ይባላል። እሷ መስሚያ የላትም እንጂ እኛ ስንናገር ከማጥፋት አትመለስም ነበር።

አንድ ቀን ግን ፊሊፒናዊው ኤፍሬን ሬይስ ሲነሣ ጆሮዋን ሰጠች። ሬይስ በ1999 የዓለም ሻምፒዮን የሆነ፣ አስማተኛው የሚባል ሰው ነው። ልጅ ሆኖ የአጎቱ ፑል ቤት ውስጥ ያድር ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ ነው የሚተኛው። ቁመቱ ስለማይደርስ የለስላሳ ሳጥን ላይ ቆሞ ተለማመደ። ጋሽ ደረጃ ይህን ሲያወሩ እንባ ያቀርራሉ። እትዬ ሰምታ ስታበቃ "አሃ፣ ሳጥኑን ቆሞበታል። እናንተ ተቀምጣችሁበታል" አለች። እውነት ነው፤ ወንበር ስላነሰ ሁለታችን ሳጥን ላይ ነበርን። ሳቅንላት። ምን ይደረጋል፣ 280 ነጥብ ያላት ሴት ናት።

ባለፈው ሳምንት እትዬ ጠረጴዛውን ሸጠችው። ምክንያቷን ስትጠየቅ "ማን ይጫወትበታል?" አለች። ሊስትሮው ብቻ ነው ፊቱ የጠቆረው። ጉባኤው ግን ደስ አለው። ቦታው ይሰፋል። አግዳሚ ወንበር ይጨመራል። ቴሌቪዥኑንም የሚጋርድ ነገር አይኖርም።

አራት ወዛደሮች መጡ። ጠረጴዛው ከባድ ነው፣ በሩ ጠባብ ነው። ጋሽ ደረጃ ተነሡ። ሁላችንም ደነገጥን፤ በሥራ ሰዓት ሲነሡ አይተን አናውቅም። ሊያግዙ መስሎን ነበር። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው በሩ ጋ ቆሙ።

"አንድም በጎን ይወጣል" አሉ። "አንድም እግሩ ተፈቶ በቁሙ ይወጣል። አንድም በሩ ይነቀላል።"

ወዛደሮቹ ላብ በላብ ሆነው ዝም ብለው አጋደሉት። ከሆዱ ውስጥ አንድ ነገር ተንኳኳ። ቢጫ መቀነት ያላት ነጭ ኳስ ዱብ አለች። ቁጥር 9! ለካ እዚያው ውስጥ ተቀርቅራ ነበር። ወለሉ ላይ ተንከባለለች። በጋሽ ደረጃ እግር መሐል አለፈች። ደረጃውን ዘላ ወረደች፤ ሊስትሮው ሮጠ፤ አልደረሰባትም፤ ወደ ግራ ታጥፋ ቦዩ ውስጥ ገባች።

ጋሽ ደረጃ ዞረው አዩን።

"ወደ ግራ ትታጠፋለች ብዬ ነበር።"