በሰባተኛው ቀረጻ የተገኘ እውነተኛነት

የግል ቢሮ ከፍተው የሚሠሩ የሥነ ልቦና አማካሪዎቻችን የደረሱበትን ከፍታ አይቶ ዝም ማለት ንፉግነት ነው። ድሮ አማካሪ የሚባለው ሰው አፉን ዘግቶ ያዳምጥ ነበር። የሰማውንም «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ከነምስጢሩ ይቀበር ነበር። እንዴት ያለ ብክነት ነው! ያ ሁሉ ገመና፣ ያ ሁሉ እንባ አንድ ላይክ እንኳ ሳያገኝ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎ ቀረ። ዛሬ፣ ምስጋና ለስልክ ካሜራና ለክብ መብራት ይሁንና፣ «እውነተኛ ማንነቴን ላካፍላችሁ» ብሎ የተነሳ አማካሪ በሳምንት አምስት ቪዲዮ ይወጣዋል።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ካርል ሮጀርስ እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሰው በምክክር እንዲለወጥ ያስፈልጋሉ ካላቸው ስድስት ሁኔታዎች አንዱ የአማካሪው እውነተኛነት ነበር፤ ውስጡ ሌላ ፊቱ ሌላ እንዳይሆን። እዚያው ላይ ግን ዓላማው አማካሪው የተሰማውን ሁሉ እንዲዘረግፍ ሳይሆን ስለ ራሱ ደንበኛውን እንዳያታልል ነው ሲል አስጠንቅቋል። ምስኪን! ነገሩ በአንድ ክፍል ውስጥ፣ በሁለት ሰዎች መካከል የሚያልቅ መስሎት ነው። ሪል የሚባለው አጭር ቪዲዮ ባልነበረበት ዘመን ስለጻፈ ይቅር ብለነዋል።

የዘመኑ እውነተኛነት አሠራር አለው። መጀመሪያ ጽሑፉ ይዘጋጃል። ተመልካች በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ካልተያዘ አውራ ጣቱ ወደ ቀጣዩ ስለሚያልፍ፣ «ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም» ተብሎ ይጀመራል፤ ከሦስት ቀን በፊት ተጽፎ፣ በቪዲዮ አቀናባሪው ታርሞ። ማይኩ ከአገጭ አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ ብሎ ልብስ ላይ ይሰካል፤ በጣም ከራቀ የድምፁ መንቀጥቀጥ አይሰማም፣ ጨርቅ ካሸው ደግሞ ኑዛዜው በመንኮሻኮሽ ይበላሻል። ትልቁ ፈተና መብራቱ ነው። ክብ መብራት ፊት ለፊት ሲቆም በሁለቱም የዓይን ብሌኖች ውስጥ ነጭ ቀለበት ይስላል። ዓይን እንባ ባቀረረ ቁጥር ቀለበቱ ይበልጥ ይደምቃል፤ ልቡ የተሰበረው ሰው ከመሰበሩ በፊት መብራቱን ሰክቶ፣ ማቆሚያውን አስተካክሎ እንደተቀመጠ ያሳብቅበታል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው መብራቱን ከዓይን ከፍ አድርገው ወደ ጎን ያዞሩታል፤ የበለጠ የበሰሉት መስኮት አጠገብ ያለቅሳሉ። ቀሪው የቅንብር ጉዳይ ነው። አገጭ ደርሶ የነበረ እንባ ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ደርቆ፣ እንደገና ከዓይን ጫፍ ሲነሳ ብታዩ አትደነቁ፤ ሦስተኛውና ሰባተኛው ቀረጻ ተሰፍተው ነው።

ውጤቱ ድካሙን ያስረሳል። ትናንት ማታ አማካሪዋ «በዚህ ሳምንት የሰው ሕመም ከበደኝ» ብላ ስታለቅስ ያየች ደንበኛ፣ ዛሬ ለቀጠሮዋ ስትመጣ ምን ትላለች? «እኔ ደህና ነኝ፣ አንቺስ?» ትላለች። ይዛው የመጣችውን ሐዘን ሳታነሳ፣ ሃምሳውን ደቂቃ አማካሪዋን ስታጽናና ቆይታ፣ ሒሳቧን ከፍላ ትሄዳለች። ታካሚ ከፍሎ የሚያክምበት ሌላ ሙያ ካለ ይነገረን።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን «አንድ ደንበኛዬ» ተብሎ የሚጀምረው ቪዲዮ ነው። ለምስጢር የተደረገውን ጥንቃቄ ልብ በሉ። ዕድሜዋ ከ34 ወደ 31 ይወርዳል፣ ነርስ የነበረችው መምህርት ትሆናለች፣ ከሁለት ልጆቿ አንዱ ይሰረዛል። አለቀ። ያልተነካው «እናቴ ስትሞት መጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነው» ያለችው ቃል ብቻ ነው፤ እሱማ እንዴት ይነካ፣ ተመልካች የሚያመጣው እሱ አይደል? ማክሰኞ የተናገረችው ሐሙስ ማታ ከሚያሳዝን ሙዚቃ ጋር ይወጣል። እርግጥ ነው፣ መንገደኛ አያውቃትም። እሷ ግን ራሷን ታውቃለች። ያንኑ ቃል በእንባ የሰማ ባሏ ያውቃታል። ሰምታው የማታውቅ እህቷ ደግሞ ቪዲዮውን ደግማ ደጋግማ እያየች መጠርጠር ትጀምራለች። ሌሎቹም ደንበኞች ከዚያ ወዲያ አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት «የእኔስ መቼ ይወጣ ይሆን?» እያሉ ቃላቸውን ይመርጣሉ። ንግግራቸው ጠርቷል ማለት ነው፤ ይህም የሕክምናው ፍሬ ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል።

ሂፓ በሚባለው የአሜሪካ ሕግ ሥር የወጣው ደንብ፣ የጤና መረጃን ከባለቤቱ ለመለየት ከፈቀዳቸው ሁለት መንገዶች አንዱ 18 ዓይነት መለያዎች እንዲወገዱ ይጠይቃል፤ ከዓመተ ምሕረቱ በቀር ከሰውዬው ጋር የተያያዘ ቀን ሁሉ ይወጣል። ያም ሁሉ ተደርጎ፣ የቀረው መረጃ ሰውዬውን እንደሚያስታውቅ እያወቁ መልቀቅ አይቻልም ይላል። እንዴት ያለ ተጠራጣሪ ደንብ ነው! ኋላ ቀር አማካሪዎችማ የብዙ ሰዎችን ታሪክ አደባልቀው አንድ ባለታሪክ ይፈጥራሉ፣ ወራት ያሳልፋሉ፣ «ታሪኩ የተፈጠረ ነው» ብለው ይጽፋሉ፣ የደንበኛን ቃል እንደወረደ አይደግሙም። «ኧረ እኛ ፈቃድ አስፈርመናል» የሚሉም አሉ። ለማንም ያልነገረችውን የነገረችው ሰው ራሱ ወረቀት ዘርግቶ «ትፈቅጂልኛለሽ?» ሲላት እምቢ ማለት ይቻላታል ወይ ብሎ መጠየቅ የሰውን የፈጠራ ስሜት ያደፈርሳል።

ምርመራም እንዲሁ ቀልጥፏል። «ባልሽ ናርሲሲስት መሆኑን የምታውቂባቸው 7 ምልክቶች» በሚል ርዕስ በ45 ሰከንድ ባል ከልክ ያለፈ ራስን የማድነቅ ችግር እንዳለበት ይመረመራል፤ ባልየው መገኘት አያስፈልገውም። ዲ.ኤስ.ኤም.-5 የተባለው የአእምሮ ሕመሞች የምርመራ መመሪያ ግን 9 መስፈርቶች ደርድሮ ቢያንስ 5ቱ ካልተሟሉ፣ ከወጣትነት ጀምሮም በተለያየ ሁኔታ ካልታዩ አይሆንም ብሎ ይከራከራል። ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር ለሆነው ለኤ.ዲ.ኤች.ዲ.ም ምልክቶች ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት መጀመራቸውን፣ ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ መታየታቸውን አጣሩ ይላል። ማን ቁጭ ብሎ ያጣራል? «ቁልፍህን የት እንዳስቀመጥክ ትረሳለህ? ሰው መሃል ሆነህ ብቸኝነት ይሰማሃል?» ይበቃል። የሥነ ልቦና መምህሩ በርትራም ፎረር እ.ኤ.አ. በ1948 ይህን ሸቀጥ ሞክሮት ነበር። በአብዛኛው ከኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ የለቀመውን አንድ ዓይነት ጽሑፍ ለ39 ተማሪዎቹ «የየግላችሁ ውጤት» ብሎ አደላቸው፤ እነሱም ምን ያህል እንደሚገልጻቸው ሲጠየቁ ከ5 በአማካይ 4.26 ሰጡት። ያን ጊዜ የኮሜንት ቦታ ቢኖር «ይሄ እኔ ነኝ!» የሚለው ይሞላው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት ደግሞ ስለ ኤ.ዲ.ኤች.ዲ. በብዛት ከታዩ 100 የቲክቶክ ቪዲዮዎች 52ቱ አሳሳች ሆነው እንዳገኛቸው ገልጿል። አብዛኞቹን አሳሳቾች የሠሩት የጤና ባለሙያ ያልሆኑ ሰዎች ናቸው፤ ልዩነቱን ለማጥበብ አማካሪዎቻችን ሌት ተቀን እየሠሩ ነው።

ስለ ደንበኞች የምስጋና ምስክርነት ብዙ አንልም። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ማኅበር የሥነ ምግባር ደንብ በሕክምና ላይ ካለ ደንበኛ ምስክርነት መጠየቅን ይከለክላል፤ የእኛዎቹ አይጠይቁም፣ ከቪዲዮው ሥር «ሕይወቴን አተረፍሽልኝ» ለሚለው ኮሜንት ልብ ሰጥተው «ጀግናዬ፣ ማክሰኞ እንገናኝ» ይሉታል እንጂ። ሰውዬው ደንበኛ መሆኑን ለሺዎች ያረጋገጡት በዚያች በአንዲት መስመር ነው። የስልካቸውን የስም ዝርዝር ለመተግበሪያው የከፈቱትማ ከዚህም ይበልጣሉ፦ ተራ ሲጠብቁ ዓይን ለዓይን ላለመተያየት ጋዜጣ ያነሱ የነበሩ ሁለት ደንበኞች አሁን «ታውቋቸው ይሆናል» በሚለው ሥር የመተዋወቅ ዕድል አግኝተዋል።

«በሬ ሁሌም ክፍት ነው፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ» የሚለው ቸርነትም አለ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ አንድ ሰው አምኖ «ከዚህ በላይ መኖር አልችልም» ብሎ ይጽፋል። አማካሪው ተኝቷል፤ መልስ ሰጪው ፕሮግራም ግን አይተኛም። «መልእክትህ ልቤን ነክቶታል። ቀጠሮ ለመያዝ ባዮ ላይ ያለውን ሊንክ ተጫን» ይለዋል። «ይህ ገጽ ለአስቸኳይ ጊዜ አይደለም፣ መልእክት የሚታየው በሥራ ሰዓት ነው፣ አደጋ ካለ የአካባቢህን የድንገተኛ ጊዜ ቁጥር አሁኑኑ ደውል» የሚሉ ሁለት መስመሮች ገጹ አናት ላይና እዚያው መልስ ላይ ይገቡ ነበር። ግን የገጹን ድባብ ያበላሻሉ።

በዚህ ሁሉ መሃል የማይለወጡ ግትሮች አሉ። አንዷ ግትር ከግድግዳ ፊት ቆማ፣ ያለ ሙዚቃ፣ የመጀመሪያው ቀጠሮ ስንት ደቂቃ እንደሆነና ምን ምን እንደሚጠየቅ ትናገራለች። ምስጢር የሚጠበቀው እስከ ምን ድረስ እንደሆነ፣ በሰው ሕይወት ላይ አደጋ ሲኖር ወይም ፍርድ ቤት ሲያዝ ምን እንደምታደርግ ትዘረዝራለች። ክፍያውን፣ ቀጠሮ ለመሰረዝ ስንት ሰዓት ቀድሞ መደወል እንደሚያስፈልግ፣ የፈቃድ ቁጥሯን፣ የማትሠራበትን የችግር ዓይነትና ለዚያ ወደ ምን ዓይነት ባለሙያ መሄድ እንደሚሻል ትጨምራለች። ስለ ፍቺዋ የለም፣ ስለ ልጅነቷ የለም፣ ከዓይኗ ጠብታ የለም። በአንድ ቀረጻ ጨርሳ ወደ ሥራዋ ትገባለች። ሥሩ ካሉት ጥቂት ኮሜንቶች አንዱ እንዲህ ይላል፦ «ጥሩ ነው እህቴ፤ ግን እውነተኛ ማንነትሽን አላሳየሽንም።»