ቅላጼዋን ተዉላት

ከጥቂት ወራት በፊት አንድ ጓደኛዬ ስቱዲዮ ውስጥ አምሽቼ ነበር። ሥራው ሚክሲንግ ነው፤ ዘፋኞች የሚቀዱትን ድምፅ ከሙዚቃው ጋር ያዋህዳል። ያን ቀን በእጁ የነበረው የአንዲት ወጣት ዘፋኝ ነጠላ ዜማ ነው። «ቆይ፣ መጀመሪያ ሙዚቃ የሌለበትን ስሚው» አለኝና የልጅቷን ድምፅ ብቻ ከፈተልኝ።

ትዝታ ነው የምትዘፍነው። ሁለተኛው ስንኝ መጨረሻ ላይ «ናፍቆት» የምትል ቃል አለች። ልጅቷ ቃሏን ያዘችና ወረደች። ቀጥ ብላ አልወረደችም። ድምጿ ትንሽ ሻከረ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ማሲንቆ ላይ ጣት ሲንሸራተት እንደሚሰማው ሆነ። ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። «ድገምልኝ» አልኩት። ሦስት ጊዜ ሰማሁት።

ዘፈኑ ዩቲዩብ ላይ ሲለቀቅ ማዳመጫዬን ሰክቼ ያቺን ቃል ጠበቅኩ። መጣች፤ ግን ያቺ አይደለችም። ቃሉ አለ፣ ዜማው አለ፣ መንቀጥቀጡ የለም። እንደ ተላገ ጣውላ ለስልሷል። ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ። «ምን ላድርግ፣ ‹አጽዳው› ተባልኩ፣ አጸዳሁት» አለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይኸ ነገር ያንገበግበኛል። ምክንያቱም የተጸዳው ቆሻሻ አልነበረም። ቅላጼ ነበር።

እንዲህ ያለው «ማጽዳት» የሚሠራበት፣ ኦቶቱን የሚባለው ሶፍትዌር የወጣው በ1997 እ.ኤ.አ. ነው። የሠራው አንዲ ሂልደብራንድ የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው፤ ቀደም ሲል ለነዳጅ ፍለጋ የከርሰ ምድር ሞገድ ይመረምር የነበረ ሰው። በዓመቱ ሼር የተባለችው ዘፋኝ አንድ ዘፈኗ ላይ ሆን ተብሎ ጎልቶ እንዲሰማ ተደረገ፤ ከዚያ ወዲህ ዓለም ሁሉ ለመደው። አሠራሩን ለመረዳት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ዘፋኟ የምታወጣው ድምፅ ምን ያህል ከፍ ወይም ዝቅ እንዳለ ይለካል። ከዚያ በአቅራቢያው ወዳለው፣ ትክክል ነው ተብሎ ወደተሞላለት ኖታ ይጎትተዋል። ቀስ ብሎ እንዲጎትት ከታዘዘ ብዙም አይታወቅም። ቶሎ እንዲጎትት ከታዘዘ ግን ከአንዱ ኖታ ወደ ሌላው ስትሄድ ያለውን መንሸራተት ሁሉ እንደ ስህተት ይቆጥረዋል።

የኛ ዘፈን ደግሞ የሚኖረው እዚያው መንሸራተቱ ውስጥ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ የምንላቸው ቅኝቶች እያንዳንዳቸው የተሠሩት ከአምስት ድምፅ ነው። አምስት ድምፅ ይዞ ሰው ማስለቀስ የሚቻለው ከአንዱ ወደ አንዱ በሚኬድበት መንገድ ነው። ማሲንቆ እንደ ጊታር አንገቱ ላይ የተደረደረ ብረት የለውም። ጣት የፈለገበት ያርፋል። ጉሮሮም እንደዚያው ነው። ማሪቱ ለገሰ አምባሰል ስትጫወት ስሙ። አንዲት ፊደል ላይ ስንት ጊዜ ወጥታ እንደምትወርድ ለመቁጠር ሞክሩ። እኔ ሞክሬ አልሆነልኝም። ያንን ድምፅ ቶሎ የሚጎትት ማሽን ውስጥ ብትከቱት ማሪቱ አትወጣም። ሌላ ሰው ነው የሚወጣው።

በንጉሡ ዘመን ብዙነሽ በቀለ በክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ስትዘፍን ከኋላዋ ሙሉ የትንፋሽ መሣሪያ ነበር። በዚያ ዘመን ባንዱና ዘፋኙ አንድ ክፍል ውስጥ ሆነው አብረው ነው የሚቀዱት። የተሳሳተ ካለ ሁሉም ከመጀመሪያው ይጀምራል። ዘፈኖቿን ዛሬ ስንሰማቸው ትንፋሿን እንሰማለን። ከፍ ልትል ስትዘጋጅ እንኳ ይታወቃል። ማንም ያንን እንከን ብሎት አያውቅም።

አስቴር አወቀንም ውሰዱ። ጎንደር ተወልዳ አዲስ አበባ ያደገች ናት። መዝፈን የጀመረችው በደርግ ዘመን የከተማው ክለቦች ውስጥ ነው። ያኔ ሰዓት እላፊ ነበር። ክለብ የገባ ሰው እስኪነጋ መውጣት ስለማይችል ባንዶች ሌሊቱን ሙሉ ይጫወቱ ነበር። እስቲ አስቡት፣ ተመልካቹ ፊት ለፊትሽ ተቀምጧል፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ ግማሹ እንቅልፍ ሊወስደው ነው፣ አንቺ ደግሞ በድምፅሽ መቀስቀስ አለብሽ። የድምፅ ትምህርት ቤት ከተባለ ይኸ ነው። በ1981 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ከሄደች በኋላም ዋሽንግተን ውስጥ በኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶች፣ ከሳህንና ከብርጭቆ ድምፅ ጋር እየታገለች ዘፈነች። «አስቴር» የተባለው አልበሟ በ1989 እ.ኤ.አ. በውጭ አገር ሲወጣ አማርኛ የማይሰማ ሰው ሁሉ ቆሞ አዳመጣት። ግጥሙን አይደለም የሰማው። ድምጿ ጫፍ ላይ ደርሶ ሲሰበር የሚሰማውን ልቅሶ መሳይ ነገር ነው የሰማው።

«ዘመኑ ተቀይሯል፣ ቴክኖሎጂ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። እኔም ቴክኖሎጂ ጠላት ነው አላልኩም። እጅጋየሁ ሽባባው፣ ጂጂ፣ በ2001 እ.ኤ.አ. ያወጣችውን አልበም የሠራው አሜሪካዊው ፕሮዲውሰር ቢል ላስዌል ነው። ከታላላቆቹ የጃዝ ሙዚቀኞች ኸርቢ ሃንኮክ አለበት፣ ዌይን ሾርተር አለበት፣ ፋራዎ ሳንደርስ አለበት። የስቱዲዮ ጥበብ እስከ ጥግ ተሂዶበታል። ነገር ግን «አድዋ»ን ስትሰሙ ከሁሉም ፊት የቆመችው እሷ ናት። የቻግኒ ልጅነቷ ከድምጿ አልተፋቀም። እኛም አገር ቢሆን አቀናባሪው ኤልያስ መልካ ዘፋኟን ሚካያ በኃይሉን «ሸማመተው» አልበም ላይ እንዴት እንደያዛት አስታውሱ። ድምጿ ለስላሳ ነበር፣ ጩኸት አያውቅም። ሙዚቃው ዝቅ ብሎ ቦታ ለቀቀላት። ሁለቱም ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ዘፈኑ ግን አሁንም ጆሮ አጠገብ የሚያንሾካሹክ ሰው ይመስላል። ማሽኑ ለዘፋኟ ሊያገለግላት ይችላል ማለቴ ነው። ችግሩ ሁሉንም ሴት በአንድ ልክ መስፋቱ ላይ ነው።

አሁን ግን አዳዲስ ነጠላ ዜማዎችን በተከታታይ ክፈቱና ዓይናችሁን ጨፍኑ። የትኛዋ የትኛዋ እንደሆነች ለመለየት ትቸገራላችሁ። ይኸ የልጆቹ የችሎታ ማነስ አይመስለኝም። ራሔል ጌቱ ከባንድ ጋር ቆማ ስትጫወት ያየ ሰው ችሎታ እንዳልጠፋ ያውቃል። ቸሊናም አፏን በከፈተች በሁለት ሰከንድ ትለያለች። እንደነሱ ያሉ ብዙ አሉ። የሚሰማቸው ጆሮ ነው ያነሰው።

ለዚህ እኛም ተጠያቂዎች ነን። አንድ ወንድ ዘፋኝ አዲስ ሥራ ሲያወጣ ስለ ግጥሙ፣ ስለ ዜማው፣ ስለ ድምፁ እንከራከራለን። ሴት ስታወጣ ወሬው ክሊፑ ላይ ያልቃል። ምን ለበሰች፣ ወፈረች፣ ከሳች፣ ከማን ጋር ነች። ቃለ መጠይቅ ላይ እንኳ ትዳሯን ጠይቀው ሲያበቁ ስለ ድምጿ አንድ ጥያቄ ሳያነሱ ይሰናበቷታል። ሰሚው ድምጿን ካልጠየቀ አቀናባሪው ለምን ይጨነቅለታል?

መድረኩም ያው ነው። ስንቱ ኮንሰርት ነው በፕሌይባክ፣ ማለትም ቀድሞ በተቀዳ ድምፅ፣ የሚያልፈው? ባንድ ይዞ መውጣት ውድ እንደሆነ አውቃለሁ። ሙዚቀኞች ልምምድ ይፈልጋሉ፣ ልምምድ ደግሞ ክፍያ ይፈልጋል። የአዳራሹ ድምፅ ማጉያ ደካማ ከሆነ ጥሩ ዘፋኝም ትዋረዳለች፤ ስለዚህ ብዙዎቹ ፈርተው ነው ፕሌይባክ የሚመርጡት። አልፈርድባቸውም። ግን ባለፈው አንድ ሆቴል ውስጥ በተዘጋጀ ዝግጅት ላይ ዘፋኟ ማይኩን ከአፏ አርቃ ለሰው እጇን ስታውለበልብ ድምጿ በማጉያው ሲቀጥል አየሁ። አጠገቤ የነበሩ እናት ወደ ልጃቸው ዞር ብለው «እኮ መቼ ነው የምትዘፍነው?» አሉ። የምራቸውን ነው የጠየቁት። ብር ከፍለው፣ ከሩቅ መጥተው፣ ድምጿን ሊሰሙ ነበር የተቀመጡት።

ስለዚህ የኮንሰርት አዘጋጆችን አንድ ነገር እለምናለሁ። ፖስተሩ ላይ «በባንድ» ወይም «በፕሌይባክ» ብላችሁ ጻፉ። ትኬት የሚቆርጠው ሰው ምን እንደሚገዛ ይወቅ። አቀናባሪዎችንም እለምናለሁ። «አጽዳው» ከማለታችሁ በፊት የተቀዳውን ድምፅ ለብቻው አንድ ጊዜ፣ መብራት አጥፍታችሁ ስሙት። ዘፋኞቹ እህቶቼ ደግሞ፣ ነጠላ ዜማ ባወጣችሁ ቁጥር በአንድ ክራር ወይም በአንድ ፒያኖ ብቻ የተጫወታችሁትን ጨምሩልን። ውድ ክሊፕ አያስፈልገውም። ስልክ ይበቃል።

ያ የ«ናፍቆት» ቅጂ እስካሁን ጓደኛዬ ኮምፒውተር ላይ አለ። ስጠኝ ብዬ ብጠይቀው የልጅቷ ንብረት ነው ብሎ ከለከለኝ፤ ልክ ነው። ከዚያ ልጅቷን እንዲጠይቅልኝ ለመንኩት፣ ለእኔ ሳይሆን በራሷ ስም እንድትለቀው። ጠይቋታል። «ያ እኮ ሙከራ ነው፣ ድምጼ ተሰብሮበታል» ብላዋለች። ይህን ጽሑፍ ካነበብሽው፣ እኔ ሦስት ጊዜ ያስደገምኩት የተሰበረበትን ቦታ ነው።