ሰርዶና እድራችን

አህያ «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» ያለችው ሸዋ ሮቢትን ሳታይ ነው። እዚህ ሰርዶ የማንንም ሞት አይጠብቅም። የመስኖ ውሃው አለ፣ ፀሐዩ አለ፣ ሰው ደግሞ ዶማ ይዞ ያግዘዋል። አዎ ያግዘዋል! ከላይ በመሬት እየተሳበ ከስር ደግሞ ስሩን እየሰደደ ነው የሚሄደው፣ እያንዳንዷ አንጓ አፈር ካገኘች ራሷን ችላ ትበቅላለች፣ ስለዚህ ጉልበተኛ የቀን ሰራተኛ ቀጥረህ በዶማ ካስከተከትከው በገዛ ገንዘብህ ችግኝ አባዛህ ማለት ነው።

የሰፈራችን ሰው ግን በአረም ጉዳይ ያለው እውቀት ለጉድ ነው፣ ጎንበስ የሚል ነው የጠፋው። ቡና ላይ አንደኛዋ እትዬ «ጨው በትኑበት» ይላሉ። ጨው እኮ ሰርዶው ላይ ሳይደርስ ጎመኑን ይቀብረዋል፣ አፈሩም ለከርሞ አኩርፎ ይቀራል። የልጅ ልጃቸው ደግሞ ቲክቶክ ላይ አየሁ ብሎ አቼቶ ይዞ ይመጣል። ቅጠሉን ያቃጥለዋል፣ አልዋሽም፣ በማግስቱ ጠውልጎ ስታየው ደስ ይልሃል፣ ስሩ ግን ምንም አልሆነም፣ ትንሽ ቆይቶ ተመልሶ ከች ነው። የፈላ ውሃ እንኳ ደጃፍ ላይ በድንጋይ ንጣፉ መሀል ለሚበቅለው ደህና ነው ተደጋግሞ ከተደፋበት፣ ጓሮ ሙሉ ልቀቅል ካልክ ግን በዚህ ኑሮ የከሰሉን ዋጋ አስበው።

ኬሚካል ወዳዱ ጎረቤት አለላችሁ ደግሞ። መርጫውን ጀርባው ላይ አዝሎ ገበሬው ለጤፍ የሚረጨውን ቱ ፎር ዲ ሰርዶው ላይ ለቀቀበት። ወንድሜ፣ ይሄ መድሃኒት የሚገድለው ሰፋፊ ቅጠል ያለውን ነው፣ ሳር አይነካም፣ ጤፍ መሀል የሚረጨውም ለዛ ነው፣ ሰርዶ ደግሞ ሳር ነው! ነፋሱ ወስዶት የሰው ቲማቲም ቅጠሉ ተጠማዞ ቀረ፣ ሰርዶው ገና ከፀጉር ቤት የወጣ ይመስላል። ሳሩንም ቅጠሉንም የሚፈጀው ግላይፎሴት ነው፣ እሱን ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2015 እ.ኤ.አ. ለሰው ካንሰር ሳያመጡ አይቀሩም ከሚላቸው ጎራ መድቦታል፣ የአንዳንድ አገር ተቆጣጣሪዎች አይደለም ይላሉ፣ እነሱ ይከራከሩበት፣ እኔ ልጅ ጭቃ የሚያቦካበት ጓሮ ላይ አልረጭም።

ሰርዶ የሚጠላው ጥላ ነው። ብርሃን ከከለከልከው ስሩ ውስጥ ያጠራቀመውን ስንቅ እየበላ ይደክማል፣ ችግሩ ስንቁ ብዙ ነው፣ ወቅት ሙሉ መታገስ አለብህ። መጀመሪያ በበጋ አፈሩ ሲደርቅ ሹካ ባለው መቆፈሪያ ገልበጥ ገልበጥ አድርገህ ስሩን እየለቀምክ ድንጋይ ላይ ታሰጣዋለህ፣ የእኛ ፀሐይ ጨርሶ ያደርቀዋል። ሙቀቱ በሚጠናበት ወቅት ደግሞ መሬቱን አርሰህ ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ ጠርዙን አፈር አልብሰህ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ብትሸፍነው ላይ ላዩን ያለው ስርና ዘር ይቀቀላል፣ ጠለቅ ያለው ግን ይተርፋል። ለሱ ካርቶን አንጥፎ ላዩ ላይ ብርሃን የማያሳልፍ ነገር መደረብ ነው። እኛ የደረብነው ብርድ ልብስ ነው። ደብረ ብርሃን ያሉ ዘመዶቻችን በመጡ ቁጥር ይበርዳችኋል ብለው ብርድ ልብስ ያመጡልናል፣ አንሶላ እንኳ በሚያቃጥልበት አገር! እትዬ በአጥሩ አሻግረው አይተው «ውይ ልጄ፣ ሰርዶውን ወባ ያዘው እንዴ?» አሉኝ።

ይሄ ሁሉ ሆኖ ሰርዶ ከአጥር ስር ነው የሚሻገረው። አንተ ያንተን ወገን ታጸዳለህ፣ የጎረቤት ወገን ሀገር ሙሉ ቁጭ ብሏል፣ ጎረቤትህ ደግሞ «ካንተ ነው የመጣብኝ» ይልሃል። መፍትሄው አሮጌ ቆርቆሮ አጥሩን ተከትሎ ክንድ ያህል መቅበር ነበር። ቦዩን መቆፈር ስንጀምር ጋሼ ጎረቤታችን ከየት መጡ ሳይባል ከች አሉ፣ «ድንበር ልትገፉ ነው?» ለምን እንደሚቆፈር ሳይሰሙ ሽማግሌ ጠሩ፣ ሽማግሌዎቹም ስለ ሰርዶ አንድ ቃል ሳይናገሩ ስለ ድንበር ሲከራከሩ መሸ።

እድራችን ሰው ሲሞት በግማሽ ሰዓት ድንኳን ተክሎ ንፍሮ ቀቅሎ ይጠብቅሃል። ምናለ አንድ ቅዳሜ በደቦ አጥር ለአጥር እየዞርን ሁሉም ወገን ባንዴ ቢነቀል ብለን ጠየቅን። ሊቀመንበሩ መዝገቡን ገልጠው «ሰርዶው አባል ነው? መዋጮ ከፍሏል?» ብለው ሰውን አሳቁት፣ ከዛ ጉዳዩ ከባድ ነው ተብሎ ኮሚቴ ተቋቋመለት። ከኮሚቴው ግማሹ ለበዓል ቤቱ የሚጎዘጉዘውን ሳር በብር የሚገዛ ሰው ነው፣ ይሄንን ማንም አጀንዳ አላደረገውም።

ኮሚቴው ስራ ጀምሯል። ወንበር ከእድር ቤት ማውጣት የጸሐፊ ፊርማ ስለሚጠይቅ መስኖው ዳር ሰርዶው ላይ ነው የሚቀመጡት፣ ለስላሳ ነው፣ ልብስም አያቆሽሽም ብለው በቃለ ጉባኤ አጽድቀውታል።