ሸክላው ላይ የተጻፈውን አታጥፉት

ባለፈው ክረምት ብሩክሊን ውስጥ ከአንድ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ሸክላ ገዛሁ። በ1970ዎቹ አጋማሽ ለዲጄዎች ብቻ የታደለ ባለ 12 ኢንች ሸክላ ነው (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ሻጩ ደስ ብሎት «አሳምሬ አጽድቼልሃለሁ» አለኝ። መሃሉ ላይ በተለጠፈው ወረቀት የነበረውን የእስክሪብቶ ጽሑፍ በአልኮል ጠርጎ አንስቶታል። ብርሃን ላይ ዘንበል ሳደርገው ዱካው ይታያል። 118 የሚል ቁጥር፣ አንድ ኮከብ፣ የስም መነሻ የሚመስሉ ሁለት ፊደላት። ፊደላቱ አይለዩም። አንጀቴ አረረ።

ሰውዬው ላይ አልፈርድም። ገበያው ያስተማረውን ነው ያደረገው። በሰብሳቢዎች ዘንድ ከፍ ያለ ዋጋ የሚያወጣው ማንም ያልነካው ሸክላ ነው። የእጅ ጽሑፍ እንደ ጉድለት ይመዘገባል፤ ደረጃውም ዋጋውም ይወርዳል። ለመጀመሪያዎቹ የዲስኮ ቤቶች ሸክላ ግን ይህ ሚዛን ተገልብጧል ባይ ነኝ። ማንም ያልነካው ሸክላ ማንም ያልጨፈረበት ሸክላ ነው። ያ 118 ቁጥር የዘፈኑ ፍጥነት ነው፤ በደቂቃ 118 ምት። ዲጄው ሁለት ዘፈን ሲያገናኝ እንዲገጥምለት ይጽፈዋል። አንድ ሰው ጨለማ ውስጥ ቆሞ በትንሽ መብራት ያነበበው ጽሑፍ ነበር።

ዲስኮ ከሬዲዮ አልተወለደም። ከዳንስ ወለል ነው የተወለደው። ዲጄው ዴቪድ ማንኩሶ በ1970 በፍቅረኞች ቀን ማንሃታን፣ 647 ብሮድዌይ ላይ በሚኖርበት ሰፊ ቤት ድግስ ጠራ። ቤቱ በኋላ «ሎፍት» ተባለ። መጠጥ አይሸጥም። ፍራፍሬና ጭማቂ ይቀርባል፤ ፊኛ ይሰቀላል፤ ድምፁ ጥርት ያለ ነው። የሚገባው የተጋበዘ ብቻ ነው። ጥቁሮች፣ ላቲኖዎች፣ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ሌላ ቦታ የሚደርስባቸውን ግፊያ በር ላይ ትተው ይጨፍሩ ነበር። ስለዚህ ያቺ የግብዣ ካርድ ዝም ብላ ወረቀት አይደለችም። ሰው ሳይሸማቀቅ የሚያድርባት ሌሊት መግቢያ ነበረች።

ማንኩሶ ብሩክሊን ውስጥ ከአንድ የካሪቢያን ሰዎች ሸክላ ቤት ያገኘው አንድ ዘፈን አለ። የካሜሩናዊው የማኑ ዲባንጎ «ሶል ማኮሳ» ነው። በ1972 ካሜሩን ውስጥ ለተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ ተብሎ በወጣ ሸክላ ሁለተኛ ገጽ ላይ የተቀመጠ ዘፈን ነበር። ሎፍት ውስጥ ሲጫወት ሰው አበደለት። ከተማው ውስጥ የነበሩት ጥቂት ቅጂዎች ወዲያው አለቁ። በ1973 አትላንቲክ የሚባል የሸክላ ኩባንያ አሜሪካ ውስጥ አሳተመው፤ ቢልቦርድ በሚባለው የአሜሪካ የዘፈኖች ደረጃ ሰንጠረዥ ላይ 35ኛ ደረጃ ድረስ ወጣ። የኳስ ዘፈን ጀርባ ላይ የነበረ የአፍሪካ ሙዚቃ፣ ከሬዲዮ በፊት፣ በጭፈራ! እኔ ያን ጊዜ መጀመሪያ ፈረንሳይ የታተመውን ቅጂ ባገኝ የምመርጠው የተፋቀውን፣ የዲጄ ላብ ያረፈበትን ነው።

ባለ 12 ኢንቹ ሸክላም ራሱ የዳንስ ወለል ልጅ ነው። ትንሿ ባለ 45 ሸክላ (በደቂቃ 45 ጊዜ የምትዞረው) ሦስት አራት ደቂቃ ይዛ ታልቃለች። ጨፋሪው ሲሞቅ ዘፈኑ ያልቅበታል። ትልቁ ሸክላ ላይ ግን ቦታ ስላለ ዘፈኑም ይረዝማል፤ መስመሮቹም ሰፋ ብለው ስለሚቆረጡ ቤዙ ይወፍራል። በ1976 ሳልሶል የሚባል የሸክላ ኩባንያ ደብል ኤክስፖዠር የተባሉ ዘፋኞችን «ቴን ፐርሰንት» በዚህ መልክ ለገበያ አወጣ። አርዝሞ ያቀናበረው ዋልተር ጊበንስ የሚባል ዲጄ ነው። ለሽያጭ የወጣ የመጀመሪያው ባለ 12 ኢንች ነጠላ ዘፈን እየተባለ የሚጠቀሰው ይህ ነው።

ጊበንስ በ1994 በኤድስ ምክንያት ሞተ። ጉዳዩን ከዕቃ ፍቅር በላይ የሚያደርግብኝ ይህ ነው። ከእነዚያ ጨፋሪዎችና ዲጄዎች ብዙዎቹ በወጣትነታቸው አለቁ። ማንሃታን፣ 84 ኪንግ ስትሪት የነበረው «ፓራዳይዝ ጋራዥ» የሚባል የዳንስ ቤት በ1987 ሲዘጋ ባለቤቱ ማይክል ብሮዲ ታሞ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ አረፈ። እዚያው ቤት በሚያዝያ 1982፣ በሽታው ገና ኤድስ ሳይባል፣ ለታማሚዎች መርጃ ገንዘብ ተሰብስቦበታል። የዚያን ምሽት ማስታወቂያ ወረቀት ያለው ሰው ታሪክ ይዟል። የጋራዡ የአባልነት ካርድ ደግሞ የሰው ፎቶ አለበት። ፎቶው ላይ ያለው ሰው ዛሬ በሕይወት ላይኖር ይችላል።

እንዲህ ያለ ስብስብ ሲሸጥ ብዙ ጊዜ ይበታተናል። ሸክላው ለአንዱ፣ ካርዱ ለሌላው፣ የዲጄው ደብተር ለቆሻሻ። እኛም ይህን እናውቀዋለን። በንጉሡ የመጨረሻ ዓመታት የአዲስ አበባ ባንዶች ያስቀረጿቸው ባለ 45 ሸክላዎች ዛሬ ውጭ አገር በመቶዎች ዶላር ይሸጣሉ። የትኛው ሆቴል ማን ሲጨፍርባቸው እንደነበር የሚናገር ወረቀት ግን አብሯቸው አይመጣም።

ለሚሰበስብ ሰው የምለው ቀላል ነው። ሸክላውን ከአቧራ አጽዳው፤ ጽሑፉን ግን ተወው። ካርድና ሸክላ አንድ ላይ ካገኘህ አትለያያቸው። ስትገዛ የማን እንደነበረ ጠይቅ፤ ሻጩ ካወቀ ጻፈው። የሞተ ሰው ቤት የጸዳ ዕለት የተገኘ ካርቶን ከሆነ ዘመዶቹን ጠይቅ፤ ፎቶ አንሳ።

ያን ሸክላዬን ሁለት ጊዜ ብቻ አጫውቼዋለሁ። የዘፈኑ መሃል ላይ ጭረት አለው፤ ከበሮው ብቻውን የሚቀርበት ቦታ ላይ። ዲጄው መርፌውን እዚያ ላይ ደጋግሞ ያሳርፍ እንደነበር ያስታውቃል። የተረፈውን ዱካ በመብራት ፎቶ አነሳሁት። ቁጥሩን፣ ኮከቡንና የገዛሁበትን ቀን በወረቀት ጽፌ ሽፋኑ ውስጥ ከትቻለሁ። ለሁለቱ ፊደላት ክፍት ቦታ ትቻለሁ።