ጣና በሁለት ደብዳቤ

የ1936ቱ ሽንፈት ሲነሳ ሁላችንም የምንለው አንድ ነው፦ የዓለም መንግሥታት ማኅበር ከዳን። እውነት ነው። ነገር ግን የዚያን ዘመን ሰነዶች አንድ በአንድ ላየ ሰው ሌላም ነገር ጎልቶ ይታየዋል። ኢትዮጵያ የተዶለተባት አደባባይ በወጣ ቁጥር ፋታ አግኝታለች፤ ነገሩ ጓዳ በቀረ ቁጥር ደግሞ ተጎድታለች። ጓዳውን የዘጋነው እኛው ራሳችን በሆንንበት ጊዜ እንኳ። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

በዲሴምበር 1925 በሮም የእንግሊዝ አምባሳደርና ሙሶሊኒ ሁለት ደብዳቤ ተለዋወጡ። እንግሊዝ በጣና ላይ ግድብ፣ ከሱዳን እስከ ሐይቁም የመኪና መንገድ እንድትሠራ ጣሊያን ትደግፋለች። ጣሊያን ደግሞ ኤርትራን ከሶማሊያ የሚያገናኝ፣ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ የሚያልፍ የባቡር ሐዲድ እንድትዘረጋ እንግሊዝ ታግዛለች። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ ባለ አገሩ ግን ስለዚህ ጉዳይ አልተጠየቀም። ስምምነቱ ለአዲስ አበባ የተነገረው ከግማሽ ዓመት በኋላ፣ በጁን 1926 ነበር።

የራስ ተፈሪ መልስ ዛሬም ሊጠና ይገባዋል። ከሁለቱ ጋር በጓዳ ከመከራከር ይልቅ አቤቱታቸውን የዓለም መንግሥታት ማኅበር መቀመጫ ወደ ሆነችው ጄኔቭ ልከው የማኅበሩ አባላት ሁሉ እንዲያውቁት አደረጉ። የማኅበሩ ቃል ኪዳን አንቀጽ 18 ማንኛውም ዓለም አቀፍ ውል እንዲመዘገብና እንዲታተም ያዝዛል፤ ኢትዮጵያም ከ1923 ጀምሮ አባል ነበረች። ነገሩ ለሁሉም ሲታወቅ ለንደንና ሮም ኢትዮጵያን የማስገደድ ሐሳብ እንደሌላቸው በጽሑፍ አስታወቁ። በዚያ ስምምነት ግድቡም አልተሠራ፣ ሐዲዱም አልተዘረጋ።

ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ ይኸው የኢትዮጵያ መንግሥት ተቃራኒውን መንገድ መረጠ። በኦገስት 1935 መጨረሻ፣ የጣሊያን ጦር በኤርትራ እየተከማቸ ሳለ፣ ፍራንሲስ ሪኬት ለተባለ እንግሊዛዊ ነጋዴ የአገሪቱን ግማሽ ያህል የሚሸፍን የነዳጅና የማዕድን ፈቃድ ለ75 ዓመት ተሰጠ። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም፦ የአሜሪካ ገንዘብ ከገባበት አገር ላይ ሙሶሊኒ እጁን ለማንሳት ያመነታል። ስህተቱ አፈጻጸሙ ላይ ነው። ወረቀቱ ላይ የሰፈረው በአሜሪካ የተመዘገበ፣ ማንም የማያውቀው ኩባንያ ስም ሲሆን ዋናው ባለቤት፣ ስታንዳርድ ቫኪዩም የተባለው የአሜሪካ የነዳጅ ኩባንያ፣ ከጀርባ ተሰውሮ ነበር። የተሰወረ ጋሻ ማንን ያስፈራል? ወሬው ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ኩባንያው መጀመሪያ ካደ፣ ቀጥሎ አመነ፤ ሴፕቴምበር 3 ቀን የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ባሳሰበው መሠረት ለቅቆ ወጣ። በዚህ መሃል ጣሊያኖች «እንግሊዝ በጄኔቭ የምትጮኸው ለነዳጅ ነው» የሚሉበትን ማስረጃ በነጻ አገኙ። ለንደንም ንጉሠ ነገሥቱ ፈቃዱን እንዲያግዱት እስከ መምከር ደረሰች።

በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ የእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆርና የፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ላቫል በፓሪስ ተገናኝተው ከትግራይና ከኦጋዴን ለሙሶሊኒ ቆርሰው ለመስጠት ተስማሙ። የፓሪስ ጋዜጦች እቅዱን በቀናት ውስጥ አወጡት። የእንግሊዝ ሕዝብ ተቆጣ፣ ሆር ዲሴምበር 18 ቀን ሥልጣኑን ለቀቀ፣ እቅዱም ሞተ። ወረራውን ማስቆም አልተቻለም፤ ኢትዮጵያን በፊርማዋ የሚቆራርስ ውል ግን ቀረ።

ከሁሉ የከፋው በሚስጥር የተያዘው የመርዝ ጋዙ ነው። ጣሊያን ይህን መሣሪያ የሚከለክለውን የ1925 የጄኔቭ ፕሮቶኮል ያጸደቀችው በ1928 ነው። ሲ 500 ቲ የተባለው ቦምብ 280 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ከዚህ ውስጥ 212 ኪሎው የሰናፍጭ ጋዝ ፈሳሽ ነው። ከመሬት 250 ሜትር ገደማ ላይ ፈንድቶ ፈሳሹን እንደ ካፊያ ይረጫል። ሣርና ውሃ ላይ ያረፈው ጠብታ ወዲያው ስለማይለበልብ ባዶ እግሩን የሚሄደው ወታደር ረግጦት ያልፋል። ቆዳው የሚያብጠውና የሚላጠው ከሰዓታት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ አውሮፕላኑም የለም፣ ያቃጠለው ምን እንደሆነም አያውቅም። በሥፍራው የነበሩ የቀይ መስቀል ሐኪሞች ግን ቁስሉን አይተዋል፣ አክመዋልም። የመንግሥታቱ ማኅበር በ1936 የጸደይ ወራት ዓለም አቀፉን የቀይ መስቀል ኮሚቴ መረጃ ሲጠይቅ፣ ኮሚቴው ገለልተኝነቱን ምክንያት አድርጎ አልሰጥም አለ።

ይህን ውሳኔ መቀበል አልችልም። ገለልተኝነት ቁስለኛን ያለ አድልዎ ለማከም የተሰጠ መብት እንጂ ያቆሰለውን ለመሸፈን አይደለም። ያ ማስረጃ በጣሊያን ላይ የነዳጅ ማዕቀብ የመጣሉ ጉዳይ ገና በሚያከራክርበት ወቅት ቢቀርብ ኖሮ ሮም በክህደት ማምለጥ ይከብዳት ነበር።

ሙሶሊኒ ጋዙ በብዛት እንዲጣል ለጦር አዛዡ ለባዶሊዮ በቴሌግራም የፈቀደው ዲሴምበር 28 ቀን 1935 ነው። የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር በጋዝ መጠቀሙን በይፋ ያመነው በ1996 ነው።