ሲፈልግ የሚነሳ መኪና

ጨርሶ የሞተ መኪና ክብር አለው። ቁልፉን ታዞራለህ፣ ዝም ይልሃል፤ ነገም ዝም፣ ከነገ ወዲያም ዝም። ቁርጡ ስለታወቀ ተጎትቶ ይሄዳል፣ ይሠራል፣ ሒሳብ ይከፈላል፣ ነገሩ ይረሳል። መከራው የሚጀምረው ሲፈልግ የሚነሳ፣ ሳይፈልግ የማይነሳ መኪና የያዝክ ዕለት ነው። ይህ ብልሽት ሞተርህን ብቻ ሳይሆን ስምህንም ይነካል። ስብሰባ አርፍደህ «መኪናዬ አልነሳም ብሎኝ ነው» ስትል አለቃህ በመስኮት ወደ ውጭ ያያል። መኪናህ በሩ ላይ ቆሟል። በራሱ ጎማ ነው የመጣው። «በኋላ ተነሳ» ብትል እውነትህን ነው፤ ግን እንዲህ ያለ እውነት ሲናገሩ የሚሰሙት ውሸታሞች ብቻ ናቸው።

ጋራዥ ስትሄድ ደግሞ ይብስብሃል። መኪናው እንግዳ ፊት እንደቀረበ ጨዋ ልጅ ሆኖ ቁጭ ይላል። መካኒኩ ቁልፉን ገና ነካ ሲያደርገው ሞተሩ ይነሳል። ያጠፋዋል፣ ያስነሳዋል፤ ያጠፋዋል፣ ያስነሳዋል። ከዚያ መኪናውን ትቶ አንተን ማየት ይጀምራል። «ጌታዬ፣ እምቢ ሲልዎት ያምጡት» ይልሃል። እምቢ ያለ መኪና በምን እንደሚመጣ ልትጠይቅ አፍህን ስትከፍት ኮፈኑ ተዘግቷል፣ መካኒኩም ሌላ መኪና ሥር ገብቷል።

አንድ ወዳጄ እንዲህ ያለ መኪና ነበረው። ስሙን አልጠራም፤ ሰፈሩ በቂ ስም አውጥቶለታል።

ኮፈን የከፈተ ሰው ብቻውን አይቆምም። ወዳጄም አንድ ቀን ሳይቆም ቀርቶ አያውቅም፣ ብቻውንም ሆኖ አያውቅም። መጀመሪያ የሚደርሱት «ባትሪ ነው» የሚሉት ጎረቤት ናቸው። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ጎንበስ ሳይሉ ነው የሚፈርዱት። ካንዴላ የሚባል፣ ሞተር ውስጥ ነዳጁን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥል ዕቃ መኖሩን በቅርቡ የሰማው ወጣት «ካንዴላ ቀይር» ይላል። ሦስተኛው ነዳጁን ይጠረጥራል፤ እሱ ነዳጅ የማይጠረጥርበት ነገር የለም። አራተኛው አይናገርም፣ መዶሻ ይዞ ይመጣል። ሞተሪኖውን፣ ማለት ዋናውን ሞተር አዙሮ የሚያስነሳውን ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር፣ በደንብ ኳ! ኳ! ሲያደርገው መኪናው ብዙ ጊዜ ይነሳል፤ እሱም ምስጋና ሳይጠብቅ መዶሻውን ትከሻው ላይ አድርጎ ይሄዳል። አንዱ ደግሞ መኪናውን አይቶት እንኳ ሳያውቅ «ሽጠው» ይላል። ለማን? «ለማያውቅ ሰው።»

የዚህ ብልሽት ትልቁ ክፋት ማንንም ነቢይ ማድረጉ ነው። ችግሩ በራሱ ጊዜ መጥቶ በራሱ ጊዜ ስለሚሄድ፣ ሲሄድ በአጋጣሚ እጁ ሞተሩ ላይ የተገኘ ሰው «እኔ ነኝ ያዳንኩት» ይላል። ወዳጄ አዲስ ባትሪ ገዛ፤ መኪናው ለጥቂት ጊዜ እሺ ሲል ሰነበተ፣ ጎረቤትየው አንገታቸውን ቀና አድርገው ሄዱ። እንደገና እምቢ አለ። ሞተሪኖ ተቀየረ፤ እንደገና ሰነበተ፣ ሌላ ነቢይ ተሾመ። በየመሐሉ ካንዴላውም ፊውዙም፣ ለሞተሪኖው ኃይል የሚከፍተው ሪሌውም ተቀየሩ። ያ መኪና እየታደሰ ነበር ማለት ይቻላል፤ ያልታደሰው አመሉ ብቻ ነው።

ወዳጄ ግን ራሱ ተቀየረ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብሎ ቁልቁለት ካላገኘ አያቆምም፤ አንድ ቦታ ሲጋበዝ የሚጠይቀው አድራሻውን ሳይሆን የመንገዱን ዘቅዛቃነት ነው። ሰው ቤት ሲሄድ ሞተሩን ሳያጠፋ ገብቶ፣ ሰላም ብሎ፣ ቆሞ ይወጣል። ዘመዶቹ ኩራት መስሏቸው ተቀየሙት። ለማስነሳትም ሥርዓት አወጣ፦ በሩ በቀስታ ይዘጋል፣ ሬዲዮ ይጠፋል፣ ፍሬን ይረገጣል፣ ሚስቱ ዝም ትላለች። አንድ ቀን ሚስቱ ስታስነጥስ መኪናው አልነሳም፤ ለምን እንደተኳረፉ ለሽማግሌ ማስረዳት አልቻሉም።

በነገራችን ላይ ሞተር በኤሌክትሪክ መነሳቱ ከመጀመሪያው የነበረ ነገር አይደለም። ድሮ ሾፌሩ ፊት ለፊት ቆሞ በብረት እጀታ ያዞረው ነበር፤ ሞተሩ ወደ ኋላ ሲመልስበት ክንድ የተሰበረበት ብዙ ነው። ቻርለስ ኬተሪንግ የሠራውን የኤሌክትሪክ ማስነሻ ካዲላክ የገጠመው እ.ኤ.አ. በ1912 ነው። ክንድ ዳነ፤ ትዳር ግን እንዳየነው ነው።

በመጨረሻ አንድ ዝምተኛ ኤሌትሪሺያን ተገኘ። ኮፈን ከመክፈቱ በፊት «እምቢ ሲልህ ምን ይላል?» ብሎ ጠየቀ።

«እምቢ ነዋ የሚለው!» አለ ወዳጄ።

«ድምፁን ነው የምልህ።»

ለካ ያ ሁሉ ሰው ሲፈርድ ይህን የጠየቀ የለም። ሞተሩ እየዞረ ካልተነሳ ባትሪና ሞተሪኖ ሥራቸውን ሠርተዋል፤ ነዳጅ፣ የካንዴላ እሳት ወይም የክራንክ ሻፍት ሴንሰር ነው የሚጠረጠረው። ያ የሞተሩን መዞር ለኮምፒዩተሩ የሚናገር ሴንሰር ሲግል ሞቶ ሲበርድ የሚነሳ ተንኮለኛ ነው። ቁልፉ ሲዞር ቀጭቀጭቀጭ የሚል ከሆነ ኃይል አንሷል፦ ወይ ባትሪው ደክሟል፣ ወይ ማሰሪያው አልያዘም። አንድ ጊዜ ቀጭ ብሎ ዝም ካለ ሞተሪኖው ውስጥ ያለው መገናኛ ወይም ለሚዞረው ክፍል ኃይል የሚያቀብለው ካርቦን አልቋል፣ አለዚያም ወደ እሱ የሚሄደው ወይም ከእሱ የሚመለሰው የኤሌክትሪክ መንገድ ተዘግቷል። (የመዶሻው ሰውዬ ሙሉ በሙሉ አስማተኛ አይደለም፤ ያለቀ ካርቦን ሲመታ ለጊዜው ቦታውን ይይዛል።) ቀጭም ካላለ የቁልፉ ማብሪያ፣ ሪሌው፣ ማርሹ ወይም ፍሪሲዮኑ ላይ ያለችው ትንሽ ስዊች ትጠየቃለች። አውቶማቲክ መኪና ማርሹ «P» ላይ ሲሆን እምቢ ብሎ «N» ላይ ሲሆን ከተነሳ፣ ሌባው እዚያው ተይዟል ማለት ነው። ዳሽቦርዱ ላይ የቁልፍ ምልክት የሚያበራና የሚያጠፋ ከሆነ ደግሞ መኪናው የራሱን ቁልፍ አላወቀም፤ ይህ ሰውም ላይ የሚደርስ ነው።

የወዳጄ መኪና ድምፅ አንድ ቀጭ ነበር። ጎረቤትየው ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ባትሪው እንኳ ደህና ነው፣ መብራቱ ደምቆ ይበራል» አሉ። ኤሌትሪሺያኑ ሳቅ አለ። ሁለቱ የፊት መብራቶች የሚፈልጉት አሥር አምፔር ገደማ ነው፤ ሞተሪኖ ግን መቶ፣ ሁለት መቶ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይጠይቃል። ዝገት የአንድ መቶኛ ኦም እንቅፋት ቢያስቀምጥ መብራቱ ላይ የሚጠፋው አንድ አሥረኛ ቮልት ነው፣ ዓይን አያየውም። በ200 አምፔር ግን ያችው ዝገት 2 ቮልት ትበላለች። እንቅፋቱ ትንሽ ከፍ ካለ ሞተሪኖው ይራባል፣ መብራቱ ግን ይደምቃል። ደማቅ መብራት አይቶ ባትሪና ገመድ ነጻ ያወጣ ሰው ስንቱን ሞተሪኖ አስቀይሯል!

ቮልት የሚለካበትን ቴስተሩን ባትሪው ላይ አደረገ፦ 12.6 ቮልት፣ ሙሉ። ከዚያ መኪናው ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። አስነሳ፣ አጠፋ። አስነሳ፣ አጠፋ። ሰውዬው እምቢታውን እየጠበቀ ነበር። ተመልካቹ ተሰላቸ። መኪናው መነሳቱ ያናደደው ሰፈር ያን ቀን አየሁ፤ «ምን ሆነሃል ዛሬ?» ብሎ ጎማውን የረገጠም ነበር።

ድንገት ቀጭ። ዝም።

«ማንም እንዳይነካው!» ብሎ ዘለለ ኤሌትሪሺያኑ። መዶሻው ግማሽ መንገድ ደርሶ ነበር፤ ባለቤቱን ሁለት ሰው ያዘው። ጥፋተኛው ገና ሥራው ላይ ሳለ አንድ ምት ቢያርፍበት ኖሮ ማስረጃው ሁሉ ይበተን ነበር። የቴስተሩ አንዱ ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላው ሞተሩ አካል ላይ ሆነ፣ ወዳጄ ቁልፉን አዞረ። በዚህ መሐል ግማሽ ቮልት እንኳ ከጠፋ ብዙ ነው። የጠፋው ከ8 ቮልት በላይ ነበር። የባትሪው ጉልበት ሞተሪኖው ጋ ሳይሆን መንገድ ላይ እያለቀ ነበር ማለት ነው።

መንገዱም ማሳ የሚባለው፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ ከሞተሩ አካል ጋር የሚያገናኘው ገመድ ሆነ። ውጪው ደህና ይመስላል፤ ሞተሩ ላይ የታሰረበት ብሎን ግን ላልቶ፣ ሥሩ ዝጎ፣ ገመዱ ውስጥ ካሉት የሽቦ ክሮችም ግማሾቹ ተበልተዋል። ባትሪም ሞተሪኖም ሲቀየር ይህ ገመድ እየተነቃነቀ ለትንሽ ጊዜ ይነካካ ነበር፤ የነቢያቱ ተአምር ሁሉ ይኸው ነው። ገመዱ ተቀየረ፣ ብረቱ በሽቦ ብሩሽ ተፈገፈገ፣ ብሎኑ ጠበቀ። በድጋሚ ሲለካ የጠፋው ከሁለት አሥረኛ ቮልት በታች ሆነ።

ወዳጄ አልተደሰተም። ያን ያህል ዘመን ያስለቀሰው ነገር አንድ ገመድና አንድ ብሎን መሆኑ ክብሩን ነካው፤ ቢያንስ ኮምፒዩተሩ ተቃጥሎ ቢሆን ይመኝ ነበር። ደህናው አሮጌ ባትሪና ደህናው አሮጌ ሞተሪኖ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ተቀምጠው ያዩታል።

ጎረቤትየው ግን አልተሸነፉም። «ገመዱ ከየት ነው የሚነሳው? ከባትሪ አይደለም? እኔ ምን ብዬ ነበር?» አሉ። መዶሻ ያዡም ቀረብ ብሎ፣ ስመታው የላላው ብሎን ይገናኝ ነበር ማለት ነው አይደል ብሎ ኤሌትሪሺያኑን ጠየቀው። ኤሌትሪሺያኑ ትንሽ አሰብ አደረገና «እሱስ ልክ ነህ» አለው።

ይህን ባይለው ይሻል ነበር። አሁን በአካባቢው ኮፈን በተከፈተ ቁጥር መዶሻው ከባለመኪናው ቀድሞ ይደርሳል።