አጥንቱ ታክሞ ሆዱ ያልተጠየቀ ስፖርተኛ

ወንድ ስፖርተኛ ተጎድቶ ሕክምና አልጋ ላይ ሲጋደም ፊዚዮቴራፒስቱ የሚያየው የተላከበትን ቦታ ነው። ጉልበት ከሆነ ጉልበት፣ ባት ከሆነ ባት። ልጁ ቲሸርቱን ለማውለቅ ሲያቅማማ፣ ስለ ሕመሙ ሳይጠይቅ «ሁለት ወር ካልሮጥኩ ስንት ኪሎ እጨምራለሁ?» ሲል ግን ማንም ልብ አይለውም። እኔን ከጉልበቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ይሄ ጥያቄ ነው።

ስለ አመጋገብ መታወክ ሲወራ ብዙዎቻችን የምናስበው አንዲት ቀጭን ወጣት ሴት ነው። ወንዱ ራቱን ሲዘል «ጎበዝ፣ ራሱን ይጠብቃል» ይባላል። በቀን ሦስቴ ሚዛን ላይ ሲወጣ ፕሮፌሽናል ይሆናል። ሴት ብታደርገው የምንደነግጥበትን ወንድ ሲያደርገው እናጨበጭባለን።

የእንግሊዙን የክሪኬት ኮከብ አንድሪው ፍሊንቶፍን ውሰዱ። ግዙፍ ሰው ነው፤ ሲያዩት የሚፈራው ነገር ያለ አይመስልም። ጋዜጦች በውፍረቱ ሲሳለቁበት ግን የበላውን ማስመለስ ጀመረ። ለአገሩ እየተጫወተ ለዓመታት ደበቀው። እ.ኤ.አ. በ2020 ቢቢሲ ባሳየው ዘጋቢ ፊልም ላይ ጉዳዩን በዝርዝር ሲያወራ ብዙ ሰው ማመን አቃተው።

አንዳንዴ ደግሞ ነገሩ ከሐፍረት አልፎ ነፍስ ይበላል። እ.ኤ.አ. በ1997 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ሦስት የኮሌጅ ትግል ተወዳዳሪዎች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተከታትለው ሞቱ። ሦስቱም ለውድድር ሚዛን ኪሎ ለመጣል ሰውነታቸውን በላብ ሲያደርቁ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ሳውናና ላብ እንዳይተን አፍኖ የሚይዝ የጎማ ልብስ የተከለከለው። የበረዶ መንሸራተቻ ዝላይም ቢሆን፣ የቀለለ ሰው ርቆ ስለሚበር ዘላዮቹ አጥንታቸው እስኪወጣ ይከሱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 ሕጉ ተለወጠና ከልክ በላይ የከሳ፣ ርቆ የማያበር አጠር ያለ መንሸራተቻ እንዲይዝ ተደረገ። ልጆቹን ሲያከሳቸው የነበረው የድሮው ሕግ ራሱ ነበር ማለት ነው።

በተቃራኒው አቅጣጫ የሚጨነቅም አለ። ክንዱ እንደ ግንድ ወፍሮ መስታወት ፊት ሲቆም ከሲታ ሆኖ የሚታየው ሰው። አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ሃሪሰን ፖፕና ባልደረቦቹ ይህንን በ1990ዎቹ በሰውነት ገንቢዎች ላይ አይተው ጽፈዋል። ዛሬ የታወቀ የአእምሮ ጤና ችግር ነው። እንዲህ ያለው ሰው ትከሻው ቢታመምም ብረት ማንሳቱን አያቆምም። አንድ ሳምንት ማረፍ ለእሱ መክሳት ነው። ፊዚዮቴራፒስቱ ያንኑ ትከሻ ደጋግሞ ያክማል፣ «ይሄ ሰው አይሰማም» ብሎም ይማረራል።

ከሁሉም የሚደበቀው ግን የምግብ እጥረቱ ነው። የሚያቃጥለውን ያህል የማይበላ ስፖርተኛ ሰውነቱ ቁጠባ ይጀምራል። ቴስቶስትሮን የሚባለው የወንድነት ሆርሞን ይወርዳል፣ አጥንት ይሳሳል፣ ቁስል ለመዳን ይዘገያል። ችግሩ ለረጅም ጊዜ የሴቶች ብቻ ተደርጎ ሲታይ ነበር። ወንዶችንም እንደሚነካ የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ባለሙያዎች በግልጽ ያስቀመጡት እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ሴቷ የወር አበባዋ ሲቀር ቢያንስ አንድ ምልክት ታያለች። ወንዱም ምልክት አለው፤ የወሲብ ፍላጎቱ ይጠፋል፣ ጠዋት ጠዋት ብልቱ መቆሙን ይተዋል። ታዲያ ይህንን ማን ይጠይቀው? አሰልጣኙን አይነግረውም፤ ነገ ቡድኑን የሚመርጠው እሱ ነዋ! ሐኪሙ ጋ የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃ ነው። ለጓደኞቹ ቢያወራ መቀለጃ ይሆናል።

የቀረው ፊዚዮቴራፒስቱ ነው። በሳምንት ደጋግሞ ያገኘዋል፣ በእጁ ይነካዋል፣ ጡንቻው ሲሟሽሽ ከማንም በፊት ይሰማዋል። እያሸው «ምሳ ምን በላህ? እንቅልፍስ? የወሲብ ፍላጎትህስ እንዴት ነው?» ቢለው ማንን ይጎዳል? የሥነ ልቦና ሐኪም ይሁን አላልኩም። ይጠይቅ፣ ከዚያ ለሚመለከተው ይላክ። ብቻ መጀመሪያ የራሱን ምላስ ይግታ። የልጁን ጎን ቆንጠጥ አድርጎ «ወፈር አልክ እንዴ?» የሚል ባለሙያ መልስ አያገኝም።

«ክብደት እኮ ለውጤት ወሳኝ ነው» የሚለኝ አሰልጣኝ አይጠፋም። ልክ ነው፤ ዳገት የሚወጣ ብስክሌተኛ እያንዳንዷን ኪሎ ተሸክሟት ነው የሚወጣው። ግን የሁሉንም የስብ መጠን መልበሻ ክፍል ግድግዳ ላይ መለጠፍ ማንን አፈጠነ? መለካት ካስፈለገ በር ተዘግቶ፣ ውጤቱ ለባለቤቱና ለሐኪሙ ብቻ ይሁን።

አንድ ነገር ደግሞ ነገ ጠዋት መጀመር ይቻላል። በልምምድ ብዛት የቅልጥም አጥንቱ ለሁለተኛ ጊዜ የተሰነጠቀ ሯጭ ሲመጣ ጫማውንና የሚሮጥበትን መሬት ብቻ መርምሮ መሸኘት ይቅር። የሆርሞን ምርመራ ይታዘዝለት፣ የሚበላውም ይጠየቅ። ያ ሳይሆን ወደ ልምምድ የሚመልሰውን ወረቀት ማንም አይፈርምለት።